ጎመን መጋዘን አያውቅም

በእኛ በኩል ጨርጨር ጉሙን ለብሶ ያድራል፣ ለብሶም ይነጋል። የምጽፍላችሁ ከጭሮ ነው፤ እኩዮቼ ዛሬም አሰበ ተፈሪ እያልን ከምንጠራት ከተማ።

በነሐሴ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በእግራችሁ ብታልፉ ከአጥር በላይ ብቅ ብሎ የሚታያችሁ ጎመን ነው። ሰኔ ላይ የተተከለው ችግኝ ጉልበት አልፏል። ቆስጣው ሰፍቷል፣ የዱባው ሐረግ ቆርቆሮ ላይ ወጥቷል። አራት አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ይህን ሁሉ በልቶ አይጨርሰውም። ገበያ ይዘን እንውጣ ቢባል ደግሞ ሁሉም ጓሮ ጎመን ስለያዘ ዋጋው ወርዷል። ስለዚህ የታችኛው ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፤ የቀረው ለበግ ይጣላል፤ ትሉም የድርሻውን ያነሳል።

የዛሬው ጨዋታችን በዚህ በሚተርፈው ጎመን ላይ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ዕድሜዋን ሕፃናትን ስትመዝን ለኖረች ነርስ ግን ትንሽ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

የጎተራው ወርና የጓሮው ወር

የእኛ አገር ዋና እህል ማሽላና በቆሎ ነው። የደጋው ማሽላ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ይዘራል፤ የሚታጨደው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። በዚህ መሀል ያለው ጊዜ ረጅም ነው። አምና የገባው እህል ሰኔ ላይ ወደ ማለቁ ይሄዳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ብዙ ጎተራ ይራቆታል፤ መስከረም ላይ እሸት እስኪደርስ ድረስ እናት ምጣዱን የምታሟሸው እየቆጠረች ነው። በጤና ጣቢያ የሠራን ሰዎች ይህን ወቅት ከመዝገባችን እናውቀዋለን። ክንዱ የከሳ ሕፃን የሚበዛው በእነዚሁ ወራት ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ጎተራው ባዶ የሚሆንበት ወርና ጓሯችን ሞልቶ የሚፈስበት ወር አንድ ነው። ጎመኑ አጥር ላይ ቢጫ ሆኖ የሚረግፈው፣ ከአጥሩ ማዶ ያለች እናት ለልጇ ደረቅ ቂጣ በሻይ በምትሰጥበት ሳምንት ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ አለመተያየት ነው።

ከተማ ውስጥ ደግሞ ጎተራ የሌለው ብዙ ሰው አለ። በቀን ሥራ የሚኖር፣ ክፍል ተከራይቶ ጓሮ የሌለው፣ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ፣ ልጆቹ ርቀው ብቻውን የቀረ አዛውንት። በጭሮም፣ በሂርናም፣ በገለምሶም፣ በበዴሳም እንዲህ ያለ ቤት ከእያንዳንዳችን በር ሩቅ አይደለም። ወደ ቆላው ወደ ሚኤሶ ስትወርዱ ደግሞ ዝናቡም ጓሮውም ይሳሳል።

እርዳታ ደርቆ ይመጣል

ምዕራብ ሐረርጌ ለእርዳታ እህል እንግዳ አይደለም። የ1977ቱን እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ። ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ሳቢያ ዝናቡ ሲቀር በመላ አገሪቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የእለት ምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው መንግሥትና አጋሮቹ ተናግረው ነበር፤ የእኛ ዞን ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር።

በእርዳታ የሚሰፈረው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የተለመደው ስፍር ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና ግማሽ ሊትር ገደማ ዘይት ነው። ይህ ነፍስ ያተርፋል፤ ስንት ነፍስ ሲያተርፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ሁሉም ደረቅ ነው። ደረቅ የሆነው ያሰበ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ወር ቆይቶ የሚታደል ነገር ስንዴ ነው እንጂ ጎመን ሊሆን አይችልም። ጎመን በተቀጠፈ በማግሥቱ ይጠወልጋል፤ በሦስተኛው ቀን ይበሰብሳል። ጎመን መጋዘን አያውቅም።

ችግሩን የእርዳታ ድርጅቶቹም ያውቁታል። የዓለም የምግብ ፕሮግራም በአማራ ክልል ለነፍሰ ጡሮችና ትንንሽ ልጆች ላሏቸው እናቶች ትኩስ አትክልት፣ ፍራፍሬና እንቁላል ከአካባቢያቸው ነጋዴ የሚገዙበትን ቫውቸር ሞክሯል። አትክልቱን በመኪና ጭነው አላመጡም፤ እዚያው ካለው ገበያ እንዲነሳ አደረጉ። ትኩስ ነገር ከቅርብ ብቻ ነው የሚገኘው። ስንዴውን ከባሕር ማዶ ያለ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ጎመኑን ግን ሊሰጥ የሚችለው ጎረቤት ብቻ ነው። የእኔ የዛሬ ነገር ይህችው ናት። የቀረው ማብራሪያ ነው።

ማባያው ሲጠፋ

በዚያው በ2008 ዓ.ም. አንድ የሁለት ዓመት ልጅ ታክሞ ሲወጣ ነበርኩ። ሲገባ የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ነበር፤ በእኛ ሙያ ይህ ቁጥር ከባድ የምግብ እጥረት ማለት ነው። ወተቱን ጠጥቶ፣ ፕላምፒ ነቱን በልቶ፣ መሳቅ ጀምሮ ወጣ። እናቱ ሳመችን፣ መረቀችን። ሦስት ወር ያህል ቆይታ ያንኑ ልጅ አዝላ ተመለሰች። እንደገና ከስቷል፤ ሲመሽ ደግሞ የሚሄድበትን አያይም፣ ዕቃ ላይ ይደናቀፋል።

«እህል አልደረሰሽም?» ብዬ ጠየቅኋት። በኦሮምኛ የመለሰችልኝን በአማርኛ ልመልሰው፦ «ሲስተር፣ ዱቄቱስ አለ። የጠፋው ማባያው ነው።»

ከዚያ ወዲህ ይህ ቃል ከጆሮዬ አልወጣም። ሲመሽ የማያየው ሕፃን ያመመው ድሮ እናቶቻችን ዳፍንት የሚሉት ነው። የሚመጣው ከቫይታሚን ኤ እጥረት ነው፤ ካልታከመ ዓይን ያጠፋል፣ ሕፃኑንም ለኩፍኝና ለተቅማጥ ያጋልጠዋል። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያሉ ልጆች በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚሰጣቸው ለዚህ ነው። ጠብታው ግን የማባያን ቦታ አይተካም። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮት፣ ዱባና ውስጡ ብርቱካንማ የሆነ ስኳር ድንች ይህን ቫይታሚን የሚሠራበትን ነገር ለሰውነት ይሰጣሉ። ቅጠሉ ከዚህ ሌላ ለነፍሰ ጡሯ የሚያስፈልጋት ፎሌትና ደም የሚሠራ ብረት አለው።

በ2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆቻችን 37 በመቶው የመቀንጨር ችግር እንዳለባቸው አሳይቷል። ከሦስት ልጅ ከአንድ ይበልጣል ማለት ነው። የሰቆጣ ቃል ኪዳን የሚባለው በ2007 ዓ.ም. የተገባው ይህን ችግር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስቀረት ነው። ልጅ የሚቀነጭረው እህል ሲጠፋ ብቻ አይደለም። ሆዱ በቂጣና በገንፎ ሞልቶም፣ በየቀኑ አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ከበላ ይቀነጭራል። አያቶች ደግሞ «ጎመን በጤና» ስንል የኖርነው ለምን እንደሆነ ሳይንሱ ዘግይቶ ነገረን።

የምግብ ባንክ የሚሉት

በሌላው ዓለም ትርፍ ምግብ ተሰብስቦ ለተቸገረ የሚታደልበት ቤት አለ፤ የምግብ ባንክ ይሉታል። የመጀመሪያው በ1967 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ፣ ጆን ቫን ሄንግል በሚባል ሰው ተቋቋመ። ሰውየው ለድሆች ምግብ በሚያበስል ቤት በበጎ ፈቃድ ያገለግል ነበር። ገንዘብ ተቀማጭ እንደሚሆን ሁሉ ምግብም ይቀመጥና የቸገረው ያውጣ ብሎ ነው ባንክ ያለው።

እነዚህ ቤቶችም መጀመሪያ የሚያከማቹት ደረቅና የታሸገ ነገር ነበር። ትኩሱን የጓሮ አትክልት በተመለከተ የምወደው ታሪክ ከአላስካ የመጣው ነው። ጄፍ ሎወንፌልስ የሚባል፣ ስለ ጓሮ አትክልት በጋዜጣ አምድ የሚጽፍ ሰው በ1995 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የአንኮሬጅ ከተማ አንባቢዎቹን አንድ ነገር ለመነ፦ ለራሳችሁ ስትተክሉ ለተራበ ሰው አንድ መስመር ጨምሩ። ሰዎቹም ጨመሩ፤ ምርቱን በከተማቸው ላለ ችግረኞችን ለሚመግብ ቤት ወሰዱ። ልመናው ከዚያ ወጥቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ሄደ። የሚገርመኝ የጋዜጣ አምድ እንዲህ ማድረጉ ብቻ አይደለም፤ የለመነው ነገር ማነሱ ነው። አንድ መስመር ብቻ።

በአገራችንም ቃሉ እንግዳ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ «ማዕድ ማጋራት» ተብሎ ጎረቤት ለጎረቤት እንዲያካፍል ተጠርቶ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ኢት ሬይንስ የሚባል የምግብ ባንክ አለ፤ ተስፋ ብርሃን የተባሉ የምገባ ማዕከላትም ተከፍተዋል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ደግሞ በየቤቱ ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር እንዲመረት ቀስቅሷል፤ ጓሮን የማልማቱም ነገር አብሮ በርትቷል። ሌማቱ ይሙላ፤ ሲሞላ ግን ትሩፋቱ ወዴት ይሂድ? ይህን ማንም ከላይ ሆኖ ሊያዝልን አይችልም።

እንደ ጭሮ ባለ ከተማ ማቀዝቀዣ ያለው ትልቅ ቤት እስኪሠራ መጠበቅ የለብንም። አፎሻ አለን፤ እድር አለን። ለሐዘን ድንኳን የሚያወጣ፣ ድስትና ሳህን በቁጥር የሚያስቀምጥ፣ ማን እንደታመመና ማን እንደወለደች የሚያውቅ ሰው በየሰፈሩ አለ። ባንኩ ተሠርቷል፤ የጎደለው ጎመኑ ነው።

ታዲያ እንዴት ይሁን?

በእኔ ጓሮ ለሌላ ሰው ብዬ የለየሁት መስመር ሃያ እግር ሀበሻ ጎመን አለው። ከአንድ እግር በሳምንት ከታች ሦስት ቅጠል ብትቀጥፉ ተክሉ አይጎዳም፤ እንዲያውም ይበረታል። ሃያ በሦስት ስልሳ ቅጠል ነው። እኔ አንዱን እስር ሃያ ሃያ ቅጠል አድርጌ ሦስት ቤት አደርሳለሁ። መሬቱ ከአንድ አልጋ ብዙ አይበልጥም። ጓሮ የሌላችሁ በማዳበሪያ ከረጢት አፈርና ፍግ ሞልታችሁ ጎኑን በስታችሁ ብትተክሉ ቆስጣ ጥሩ አድርጎ ይይዛል።

ቀን ቁረጡ። «ሲተርፈኝ እሰጣለሁ» ያለ ሰው ሲተርፈው ይረሳል። የሚቀጠፍበት ቀን ከታወቀ ተቀባይዋም ሽንኩርቷን ይዛ ትጠብቃለች። እኛ ሰፈር ዐርብ ጠዋት ነው። ሙስሊሙ ከጁምዓ በፊት ሰደቃውን ያወጣል፤ ክርስቲያኑም ቢሆን ዐርብ ጾም ነውና ጎመን የሚፈለግበት ቀን ነው።

ፀሐይ ሳይበረታ ቅጠፉ። ጤዛው ሳይደርቅ የተቀጠፈ ቅጠል እስከ ማታ ይቆያል፤ ቀትር ላይ የተቀጠፈው በአንድ ሰዓት ውስጥ ይዝላል። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ጥላ ውስጥ አኑሩ። በፌስታል አፍናችሁ አትቋጥሩ፤ ይሞቃል፣ ይበሰብሳል።

የምትሰጡት እናንተ የምትበሉትን ነው። ቢጫውንና ትል የበላውን ለበጉ ተዉት። የተረፈ ማለት የተበላሸ ማለት አይደለም።

በየቤቱ ማንን እንደምታስቡ ልጨምርላችሁ። መጀመሪያ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት። ቀጥሎ ከስድስት ወር በላይ ሕፃን ያለበት ቤት፤ ተጨማሪ ምግብ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነውና። ቀጥሎ ከሆስፒታል የወጣ በሽተኛ፣ ብቻውን የሚኖር አዛውንት። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ፦ በከባድ የምግብ እጥረት ተኝቶ ለሚታከም ሕፃን ጎመን አትውሰዱለት። እሱ በተለካ ወተትና በተለየ ምግብ ነው የሚታከመው፤ ያለ ባለሙያ ፈቃድ ሌላ ነገር ቢጨመርለት ሊጎዳ ይችላል። አጠገቡ ለምታድረው እናቱ ግን ትኩስ ወጥ ብታደርሱላት ጽድቅ ነው። ለልጁ የምትደርሱለት ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ነው ማባያው የሚያስፈልገው።

ከአጥር ከመውጣቱ በፊት

ሐረርጌ ውስጥ ስለ ጎመን ሲወራ ስለ ጫት ሳይወራ አይቀርም። ጫት ላይ የፀረ ተባይ መድኃኒት ይረጫል። ጎመናችሁ ከጫት ሥር ወይም ከጎኑ የተተከለ ከሆነ ነፋሱ መድኃኒቱን ያደርስበታል። በቅርብ ከተረጨበት ጓሮ ቅጠል አትስጡ፤ ለራሳችሁም አትብሉ። መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው የመቆያ ቀን ማለፍ አለበት፤ የተጻፈውን የምታነብላችሁ የልጅ ልጅ አትጠፋም፤ የግብርና ባለሙያም አለ። መታጠብ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የመድኃኒቱን ዕቃ ደግሞ አጥባችሁ ጎመን እንዳትይዙበት፤ ይህ ሲደረግ ስላየሁ ነው የምለው።

ከፍሳሽ የሚጠጣ ጎመንም አለ። ወስፋት፣ ጃርዲያና ታይፎይድ በዚያ ይመጣሉ። ከፍሳሽ አጠገብ ከሆነ ሰላጣና ቲማቲም የመሰለ በጥሬው የሚበላ ነገር አትስጡ። ጎመንና ቆስጣ በንጹህ ውሃ ሁለት ሦስት ጊዜ ታጥቦ በደንብ ሲበስል ስጋቱ ይቀንሳል። ድንች ስትሰጡ አረንጓዴ የሆነውንና ያቆጠቆጠውን ለዩ፤ መርዝ አለው፣ መቀቀልም አያጠፋውም።

ከጎመኑ ጋር ሁለት ቃል ብትልኩ ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል። አንዱ፦ ሲሠራ ትንሽ ዘይት ይግባበት፤ ቫይታሚን ኤ ያለ ቅባት ወደ ሰውነት አይገባም። የእርዳታው ዘይት ለዚህ ይሁን። ሌላው፦ ቲማቲም፣ ቃሪያ ወይም ሎሚ ይጨመርበት፤ በቅጠሉ ውስጥ ያለው ብረት በዚያ ይረዳል። ሻዩ፣ ቡናውና ሆጃው ከምግቡ ጋር ሳይሆን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ብረቱን ይይዙታልና። ሆጃ ተዉ ማለቴ አይደለም፤ እንዲህ ብዬ ጭሮ ውስጥ መኖር አልችልም። ትንሽ ይቆይ ነው ያልኩት።

የተቀባይ ፊት

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ላንሳ። መስጠት ቀላል ነው፤ መቀበል ነው ከባዱ። ትናንት የራሷ ጓሮ የነበራት ሴት ዛሬ በሯ ላይ ጎመን ይዞ የሚቆም ሰው ስታይ ደስታዋ ከሀፍረት ጋር ነው። ፎቶ አንስቶ ስልክ ላይ የሚለጥፍ ሰው ሲጨመርበት ደግሞ ሀፍረቱ ይበልጣል። እባካችሁ፣ የሃያ ቅጠል ጎመን ፎቶ አይነሳ።

እኛ ሐረርጌዎች አንቱታ አናበዛም፤ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ፣ አንቺ» ብለን ነው የምንኖረው፤ ፍቅራችንም በዚያ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ አገር ላይ መስጠትም እንደ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። አንዲት ጎረቤቴ በመጀመሪያው ቀን እስሩን ስሰጣት አየችኝና «አቦ ሲስተር፣ ደኸየሽ ብለሽ ነው?» አለችኝ። «አይ፣ ጓሮዬን ነፃ አውጪልኝ ብዬ ነው፤ ቅጠል ቆሞ ሲረግፍ ኃጢአት ነው» አልኳት። ሳቀችና ተቀበለች። በሚቀጥለው ዐርብ ሳህኔን ስትመልስ ባዶውን አልነበረም፤ አንድ እፍኝ የዱባ ፍሬ ነበረበት። ያ ፍሬ ዘንድሮ ቆርቆሮዬ ላይ የወጣው ዱባ ነው።

ዕቃ ባዶውን አለመመለስ የቆየ ልማዳችን ነው። አትከልክሉ። ተቀባይ የምትመልሰው ዘር ይሁን፣ አንድ ቀን ጓሮ ማረም ይሁን፣ ምርቃት ይሁን፣ ተቀበሏት። ሁለታችሁም ሰጪ ስትሆኑ ድሃና ሀብታም የሚባለው ይጠፋል። በአፎሻ በኩል ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያምራል፤ ጎመኑ ከአንድ ቤት ወጥቶ አንድ ቤት አይገባም፣ ከማኅበር ወጥቶ ማኅበር ይገባል።

ጉሊት ላይ ጎመን የምትሸጠውን ሴትም እንዳንጎዳ ይታሰብ። እሷም በዚያ ልጅ ታሳድጋለች። የምንሰጠው ከእሷ ለመግዛት ዐቅም ለሌለው ነው። ዐቅም ያለው «ነፃ ጎመን አለ» ብሎ ከጉሊት ከቀረ አንዱን አብልተን ሌላውን አስርበናል። ቀን ሲመሽ ሳይሸጥ የቀረባትን ደግሞ በቅናሽ ገዝቶ ለአፎሻው የሚሰጥ ሰው ቢገኝ ሁለት ጽድቅ ነው።

ለአያቶች የቤት ሥራ

ወላጆች ሥራ ላይ ናቸው፤ ስለዚህ ይህን ለአያቶች ነው የምሰጠው። ጎመኑን የልጅ ልጆቻችሁ ይቅጠፉት፣ እነሱ ይሰሩት፣ እነሱ ያድርሱት። ክረምት ነው፤ ትምህርት የለም፤ እጃቸው ባዶ ነው። ልጅ «ስጥ» ተብሎ ሲመከር ይሰለቻል፤ ጎመን ተሸክሞ የሰው በር ሲያንኳኳ ግን በዚያ ቤት ማን እንዳለ ያያል። የእኔ የሰባት ዓመት የልጅ ልጅ ባለፈው ዐርብ ተመልሳ «እዚያ ቤት ሕፃኑ ጥርስ አብቅሏል፤ በሚቀጥለው ካሮት እንውሰድ» አለችኝ። እኔ ክንድ በመለኪያ እየለካሁ የማውቀውን ነገር እሷ በር ላይ ቆማ አየችው።

ሲያደርሱ የሚሉትን አስተምሯቸው። «ለችግረኛ ተልኬ ነው» አይበሉ። «አያቴ ቅመሱልኝ ብላለች» ይበሉ፤ በቂ ነው።

መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ይቀንሳል፤ ጎመኑም በውሃ የሚኖርበት ጊዜ ይመጣል። ዕቃ የታጠበበትን፣ ሳሙና ያልበዛበትን ውሃ ወደ ጓሮ አፍስሱ፤ አንዷ መስመር እስከ ጥቅምት ትቆይልናለች። እሸቱ እስኪደርስ ያለውን የከፋ ጊዜ ታሻግራለች ማለት ነው። ዘንድሮ መስመሩን ያልለያችሁ ከያዛችሁት ላይ ለዩ፤ በሚቀጥለው ሰኔ ደግሞ ሲተከል ጀምሮ የማን እንደሆነ ይታወቅ።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ዓመት ሲገባ ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ምሳ እንጫወታለን። እስከዚያው ጤና ይስጥልኝ፤ ዐርብን አትርሱ።